የግሬደሩ ተራ

በእኛ ወረዳ የአፈር መንገድ የሚሠራው ዝናብ ሲዘንብ ነው። ይህን ለሌላ አገር ሰው ስነግር የምቀልድ ይመስለዋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ አንድ ይከፈታል፤ ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ዝናብ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ዕቅድ ይከለሳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ አፈሩ ደርቆ ትክክለኛው የመንገድ ወቅት ሲሆን፣ ገንዘቡ «በመምጣት ላይ ነው» ይባላል። መጋቢት ላይ የናፍጣ ግዥ ይጀመራል። ግንቦት ላይ፣ ሰማዩ በደቡብ፣ በቶንጎ በኩል መጥቆር ሲጀምር፣ ግሬደሩ ይመጣል። ሰኔ ሠላሳ ሒሳብ ይዘጋል፤ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ቀዩ ጭቃ ጫማ ከእግር እየነቀለ በሚያስቀርበት በዚያ ሰሞን እኛ መንገድ እንሠራለን።

እኔ የዚህ ጽሕፈት ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። የቢሮው ስም ረጅም ነው፣ በየጊዜውም ይቀየራል፤ ሕዝቡ ግን ባጭሩ «ገጠር መንገድ» ይለናል። ሥራችን መንገድ መክፈት፣ የተበላሸውን መጠገን፣ ቱቦ መቅበር፣ ድልድይ ሲሰበር ሄዶ አይቶ «ተሰብሯል» ብሎ መጻፍ ነው። ያለን አንድ ፒክአፕ፣ ጣሪያው የሚያፈስ መጋዘንና ብዙ ዕቅድ ነው። ግሬደር የለንም። ግሬደሩ የክልሉ ነው፤ ለወረዳዎች በተራ ይሰጣል። ተራችን ሲደርስ ከነኦፕሬተሩ ይመጣል፣ ናፍጣውን እኛ እንችላለን። ሰኔ ሲያልቅ የጀመረውን ጨረሰም አልጨረሰም ይሄዳል። ከእኛ በፊት የነበረው ወረዳ ማሽኑን ከሰበረው ደግሞ የሚቃጠለው የእኛ ተራ ነው።

ባለቤቴን ያመጣልኝም ይኸው ተራ ነው። የግሬደሩ ኦፕሬተር ነበር። የወንበራ ሰው ነው፤ አገሩን ሲጠየቅ «ደብረ ዘይት» ይልና ሰዎቹ ስለ ቢሾፍቱ ሐይቅ ሲያወሩ ዝም ብሎ ያዳምጣቸዋል፣ መጨረሻ ላይ «የመተከሉን ማለቴ ነው» ይላቸዋል። እኔ አሶሳ አጠገብ ካሉት አምባዎች በአንዱ የተወለድኩ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ። አንድ ግንቦት የናፍጣ መጠየቂያ ሊያስፈርም ቢሮዬ ገባ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሽማግሌ ላከ። ልጅ አልወለድንም። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በየወረዳው ስለሚዞር ቤት የሚገኘው ማሽኑ ሲሰበር ነበር። ጎረቤቶቼ ባልሽ መጣ ወይ ብለው አይጠይቁኝም፤ ማሽኑ ተሰበረ ወይ ይሉኝ ነበር።

የሞተበት መንገድ ከዋናው ጠጠር መንገድ ተገንጥሎ የቀርከሃውን ጫካ አቋርጦ ወደ አንድ የበርታ መንደር የሚገባ ነው። መንደሩ ማንጎ አለው። በማንጎ ወቅት አይሱዙ መግባት ስለማይችል ፍሬው ዛፉ ሥር ይበሰብሳል፤ ሴቶቹ በጭንቅላታቸው መሸከም የቻሉትን ያህል ተሸክመው ዋናው መንገድ ዳር ቁጭ ይላሉ። ሰው ሲታመምም በቃሬዛ ነው። ይህ መንገድ በዕቅዳችን ውስጥ ለብዙ ዓመት ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ሲንከባለል ኖሮ አንድ ዓመት በጀት አገኘ። ግሬደሩ ግንቦት አጋማሽ ላይ መጣ፣ ባለቤቴ ጀመረው።

ሰኔ ላይ ደወለልኝ። ስልክ የሚይዘው ከጫካው ወጣ ብሎ ያለ ጉብታ ላይ ነው፣ ነፋሱ ድምፁን ይቆራርጠው ነበር። ትንሽ ራሱን እንዳመመው ነገረኝ። ና ብዬ ነገርኩት። ተራው ሊያልቅ ነው፣ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው፣ እንዴት ጥዬ እመጣለሁ አለኝ። በነጋታውም ደውዬ ና አልኩት፤ ክኒን ወስጃለሁ አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም። የጽሕፈት ቤቱ ሾፌር በፒክአፑ ይዞት ሲመጣ ባለቤቴ ያወቀኝ አልመሰለኝም። ወባ ነው፣ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል ተባለ። ሆስፒታል ገብቶ ብዙ አልቆየም።

ስለ ቀብሩ የማስታውሰው ነገር ትንሽ ነው። ድንኳኑ ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ እድርተኞቹ አግዳሚ ወንበር እያነሱ ከሚያፈሰው ጥግ ይሸሻሉ። ሰው ያለቅሳል፣ እኔ ሰው ሲያለቅስ አያለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጆሮዬ ላይ «አልቅሺ፣ ይወጣልሻል» አለችኝ፤ ምኑ እንደሚወጣልኝ አልገባኝም። የተሰጠኝን በላሁ። ተኚ ሲሉኝ ተኛሁ። ቀኑ ይመሻል፣ ይነጋል፤ እኔ የለሁበትም። አንድ ቀን ከአልጋው ሥር የሥራ ቦቲ ጫማውን አወጣሁና ጭቃውን በቢላ ፈቅፍቄ አጠብኩት፣ ዘይት ቀባሁት፣ መልሼ አስገባሁት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሐምሌ ላይ ቢሮ ገባሁ። የዓመቱ ሪፖርት የሚጠብቀው እኔን ነበር፤ ሌላ የሚጽፈው ሰው የለም። ኃላፊያችን ደግ ሰው ናቸው፣ በሩ ላይ ቆመው «እግዜር ያጥናሽ፣ እንደ አቅምሽ ሥሪ» አሉኝ፤ በነጋታው ግን ዞኑ እየወተወተን ነው ብለው መጡ። ሪፖርቱን ጻፍኩ። የባለቤቴ መንገድ ላይ ስደርስ አልቆምኩም። ዕቅዱ መንደሩ ድረስ ነው፤ የተሠራው መንገዱን ከሚያቋርጠው ጅረት ማዶ ያለው ዋርካ ድረስ ነው። ከዋርካው እስከ መንደሩ ያለው ቁልቁለት ቀርቷል።

ኃላፊው ረቂቁን አይተው ተጠናቋል ብለን ብንጽፈውስ የሚል ሐሳብ አመጡ። ለክፋት አልነበረም፤ ለሟቹም ክብር ይሆናል፣ ለወረዳውም አንድ ከመንገድ ጋር የተገናኘ ቀበሌ ይጨመራል ነው ያሉት። እምቢ አልኩ። ሐቀኛ ሆኜ አይደለም። በዚህ ሥራ ዓመታት ስቆይ የተማርኩት ነገር ቢኖር አንዴ ተጠናቀቀ የተባለ መንገድ ዳግመኛ በጀት እንደማያይ ነው። በወረቀት ላይ የጨረስነው ስንት መንገድ አለ፣ ሣር የበቀለበት። የባለቤቴ መንገድ እንዲያልቅ ከፈለግሁ ያላለቀ ተብሎ መጻፍ ነበረበት።

እንዲያልቅ እፈልግ ነበር። ከዚያ ክረምት ጀምሮ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው። ቤቴ፣ ደመወዜ፣ ጤናዬ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ለእኔ አንድ ነበር፤ ቢኖርም ባይኖርም። እሱ የሞተው ለዚያ መንደር ሰዎች ነው፣ እየጠበቁት ስለነበር ነው ብዬ አስብ ነበር። አንዳንዴ እነዚያን ሰዎች እጠላቸዋለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ መኪና ገብቶላቸው ማንጎአቸውን ሲጭኑ ባይ ልቤ ያርፋል እላለሁ። የማያውቁትን ሰው መጥላትም መውደድም የሚቻለው እንዲህ ሲደነዝዙ ነው መሰለኝ።

የበጀት ስሚ ላይ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ተራ በተራ ይቆማል። ውሃ ውሃውን፣ ጤና ጤናውን ይለምናል፤ ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ይቀንሳሉ። እኛ ጋ ሲደርስ ኃላፊው ስለ ቱቦ ተናገሩ፣ እኔ ስለዚያ መንገድ ተናገርኩ። አምና በጀት የወሰደ መንገድ ለምን ዘንድሮ ደግሞ ይወስዳል ተብሎ ተጠየቀ። ጫፍ የሌለው መንገድ ለአይሱዙ ምንም እንደማይጠቅመው፣ ጫካ መሐል መጥቶ መዞሪያ አጥቶ እንደሚቆም ነገርኳቸው። ከኋላዬ አንዱ «የባሏ ነው እኮ» ሲል ሰማሁት። እውነቱን ነው፣ የባሌ ነው። ዞር አላልኩም።

ጸደቀ። ናፍጣው ግን በግማሽ ተቀነሰ፤ የጎደለው «በኅብረተሰብ ተሳትፎ ይሸፈን» ተባለ። ይህ የእኛ አሠራር ነው። ገበሬው ገጀራና ዶማውን ይዞ ወጥቶ ቁጥቋጦ ይመነጥራል፣ የውሃ ቦይ ይቆፍራል፤ እኛ ደግሞ ጉልበቱን በገንዘብ ተምነን መንግሥት እንዳወጣው አድርገን ሪፖርት እናደርጋለን። ገበሬው ያን ገንዘብ አያየውም፣ እኛም አናየውም፤ ሪፖርቱ ላይ ግን አለ። ተማኟ እኔ ነኝ። የዚያን መንደር ሰዎች ላብ አይቼው ሳላውቅ ተመንኩት።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጥቅምት ዕቅዱ ተከለሰ። ጥር ላይ አፈሩ ደርቆ አቧራ ሲሆን በቢሮው መስኮት አየዋለሁ። የናፍጣው ግዥ መጋቢት ላይ ተጀመረ። ግንቦት ላይ ግሬደሩ ከእኛ በፊት ባለው ወረዳ ተሰበረ ተባለ፤ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ግንቦት አለቀ። ሰኔ ገብቶ፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቶ በዋለ ቀን ማሽኑ በቢሮአችን በር ላይ መጥቶ ቆመ። ቢጫው ቀለሙ ያው ነው። ኦፕሬተሩ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ከገነተ ማርያም የመጣ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ማን እንደሆንኩ ነግረውት ነበር፤ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ነፍስ ይማር አለኝ።

የዕቅድ ባለሙያ መስክ አይወጣም። እኔ ግን እወጣለሁ አልኩ። አበል ፈልጋ ነው ያሉም አልጠፉም፤ ይበሉ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ዣንጥላ ፒክአፑ ላይ ጭኜ ከማሽኑ ኋላ ሄድኩ።

ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ገና እንደገባን ማሽኑ ቆመ። ኦፕሬተሩ ብሌዱን፣ መሬቱን የሚልጠውን ሰፊ ብረት፣ ዝቅ አድርጎ አፈሩ ላይ አሳረፈው። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አውቃለሁ። ጠጠር ያልለበሰ መንገድ አንድ ክረምት ካለፈበት ውሃ ይበላዋል፣ ከመጀመሪያው ተልጦ ነው የሚቀጥለው። ይህን በየዓመቱ በዕቅድ ላይ «ወቅታዊ ጥገና» ብዬ የምጽፈው እኔው ነኝ። ያም ሆኖ ከፒክአፑ ወርጄ በጭቃው ውስጥ እስከ ማሽኑ ድረስ ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ እሱ ካቆመበት መጀመር አትችልም?» አልኩት።

ሞተሩን ዝቅ አደረገው። መንገዱን ቁልቁል አየው። ውሃ መሐሉን ሰንጥቆት ሄዷል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ግን የባለቤቴ ብሌድ ያወጣው ለስላሳ የመንገድ ትከሻ አሁንም ይታይ ነበር፤ ሣር ጀምሮታል።

«እህቴ፣ ይሄን ትቼ ብሄድ የምጨምረው ሁሉ ከንቱ ነው» አለኝ። «አንቺ ካልሽ ግን እተወዋለሁ።»

አሰብኩ ብል ውሸት ይሆናል። ምንም አላሰብኩም። ቀጥል አልኩት። ብሌዱ ገባ፣ ቀዩ አፈር እንደ ሊጥ እየተጠቀለለ ወደ ጎን ወጣ፣ ያ ትከሻ ሄደ። ፒክአፑ ውስጥ ገብቼ ከኋላ እየተከተልኩ አየሁት። ሾፌሩ፣ ያው ባለቤቴን ያመጣው ሾፌር፣ ወደ እኔ አያይም። ይህን ለማየት ነው ዓመት ሙሉ የለፋሁት አልኩ በልቤ። የተሰማኝ ነገር ግን ጥርስ ከተነቀለ በኋላ እንደሚሰማው ዓይነት ነው፣ ቦታው አለ ሕመሙ የለም።

ዝናቡ እያቆመን፣ ማሽኑ እየተንሸራተተ፣ ብዙ ቀን ወሰደብን። ማታ ማታ መንደሩ እንሄዳለን። መንደርተኞቹ በተመንኩላቸው ዋጋ ሳይሆን በራሳቸው ልክ ሠርተው ጠበቁን፤ ከዋርካው እስከ መንደሩ ያለውን ቁጥቋጦ መንጥረዋል፣ ግንዱን ሳይቀር ነቅለዋል። እኔን ያሳደሩኝ የአንድ ሽማግሌ ቤተሰብ ናቸው። ሼህ ይሏቸዋል፤ አማርኛን ካረጁ በኋላ ገበያ ላይ የለመዱ፣ «ሄድኩ»ን «ሄደ» የሚሉ፣ ንግግራቸው አረብኛም በርታም የተቀላቀለበት ሰው ናቸው። ባለቤታቸው በየማታው ገንፎና የባሚያ ወጥ ታቀርብልኛለች፣ ሳልጨርስ ብነሳ ትቆጣለች። መጀመሪያ ለእነዚህ ሰዎች ምን ፊት እንደማሳይ አላውቅም ነበር። እነሱ የሟቹ ሚስት መሆኔን ከመጀመሪያው ቀን አውቀው ኖሮ ምንም አልጠየቁኝም።

ማሽኑ ዋርካውን አልፎ አዲሱን አፈር የጀመረ ዕለት ማታ ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ኦፕሬተሩና ሾፌሩ ሌላ ቤት ገብተዋል። ዝናቡ አባርቷል፣ የቀርከሃው ግድግዳ ውሃ ያንጠባጥባል። ሰኔ ሊያልቅ ትንሽ ቀን ነው የቀረው። ደስ ይበላቸው ብዬ፣ ምናልባትም ደስ ሲላቸው ለማየት ብዬ፣ በሁለት በሦስት ቀን መንገዱ መንደር እንደሚገባ ነገርኳቸው። ባለቤቴ እናንተን ጥዬ አልመጣም ብሎኝ እንደነበርም ነገርኳቸው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሼሁ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«እኛ ለሱ ሂድ አለ» አሉኝ። «እኔ ራሴ ማሽን ጋ ሄደ። ልጄ፣ ውረድ፣ ሐኪም ጋ ሂድ አለ። አባቴ መንገድ የለም ኖረ። አያቴ መንገድ የለም ኖረ። እኛ ሌላ ዓመት ይጠብቃል፣ ምንም አይደለም አለ። እሱ ምን አለ? ሰኔ ያልቃል አለ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ሰኔ ምንድነው? ሰኔ በየዓመቱ አለ።»

ባለቤታቸው ከውስጥ በበርታ አንድ ነገር ተናገረች። ሼሁ ተረጎሙልኝ፤ እሷም ሂድ ብላዋለች፣ ብርድ ልብስ አውጥታ ሰጥታው ነበር፣ መለሰላት።

ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። አመስግኜ ወደ ፍራሼ የገባሁ ይመስለኛል። ማንም አልያዘውም ነበር ማለት ነው። እነዚያ የጠላኋቸው ሰዎች አልያዙትም። ማንጎው አልያዘው፣ መንደሩ አልያዘው። የያዘው የእኛ የሒሳብ መዝጊያ ነው፤ እኔ በየዓመቱ በቀይ እስክሪብቶ ከሥሩ የማሰምርበት ቀን። ተናደድኩ። ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ሲሰማኝ ንዴት ሆኖ መጣ፤ በእሱ ላይ ነው የተናደድኩት። አንተ ደደብ፣ ሰዎቹ ሂድ ብለውህ አልኩ። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፣ ቤተሰቡ ተኝቶ ነበር።

ጠዋት ዝናብ አልነበረም። መንገዱ ደረቅ ባይባልም የሚሠራበት ነበር፤ ሰኔ ላይ እንዲህ ያለ ጠዋት ብርቅ ነው። የመንደሩ ሰዎች ዶማቸውን ይዘው ከማሽኑ ፊት ወጥተዋል፣ ልጆች ኮረብታው ላይ ተደርድረዋል። ማሽኑ ከቆመበት ሆኖ የመንደሩ የመጀመሪያው ቤት ይታያል፤ ሰው ቢጠራ ይሰማል። ኦፕሬተሩ ማሽኑ ላይ ሊወጣ መሰላሉን ሲይዝ እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቷል። ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ ቀልቷል።

ምን ሆነሃል አልኩት።

«ምንም አይደለም» አለ። «ትንሽ ራሴን ነው። ዛሬና ነገ ከሠራሁ እኮ ያልቃል።»

መሰላሉ ጋ ሄድኩና ክንዱን ያዝኩት። በጃኬቱ ላይ እንኳ ትኩሳቱ ይታወቅ ነበር፣ ወይም መሰለኝ። ና ውረድ አልኩት። ሳቀ። የማሽኑን ቁልፍ ስጠኝ አልኩት። አሁን መሳቁን አቆመ፤ ሾፌሩን አየው፣ ሾፌሩ መሬት መሬት ያያል። ኦፕሬተሩ ለኃላፊው ካልነገርኩ ችግር ይገጥመኛል አለኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ ብዬ ጉብታው ላይ ወጥቼ ደወልኩ።

ኃላፊው መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ። የቀረው እኮ ትንሽ ነው፣ ናፍጣው በርሜሉ ውስጥ አለ፣ በሰኔ ደረቅ ቀን ተገኝቶ ማሽን ይቆማል ወይ አሉኝ። ክኒን ይዋጥና ይጨርስ አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ በሌላ ድምፅ፣ እንደ ወንድም፣ «ይሄን መንገድ ዓመቱን ሙሉ የጮህሽለት አንቺ ነሽ። የማን መንገድ እንደሆነ እየረሳሽ ነው?» አሉኝ።

«አልረሳሁም» አልኳቸው። «ይቅር።»

የማሽኑ ተራ ሊያልፍ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ይህ መንገድ በጀት አያገኝም፣ እኔ ራሴ አላቀርበውም አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ስልኩ ተቋረጠ፤ ነፋሱ ይሁን እሳቸው አላውቅም። ከጉብታው ስወርድ ሰዎቹ ዶማቸው ላይ ተደግፈው ያዩኛል። ምን ተብሎ እንደሚነገራቸው ጨነቀኝ። ሼሁ ቀድመውኝ በበርታ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩና ሰዉ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ መንደሩ መመለስ ጀመረ። አንድም ሰው ቅር ያለው አይመስልም ነበር ብል ውሸት ነው። አንዲት ሴት ማንጎ ዛፎቿን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ሄደች።

ኦፕሬተሩን ብርድ ልብሴን ደራርቤለት ፒክአፑ ውስጥ አስቀመጥኩት።  ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሰው ሞልቷል፣ ሁሉም ወባ ነው፤ ኦፕሬተሩ ለምርመራ ደም ሰጥቶ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ እኔ ወለሉን አይ ነበር። ባለሙያዋ ጠርታው ገባ፣ ወዲያው ተመልሶ ወጣ። ፊቱ ላይ ያለው እፍረት ነበር።

«ወባ አይደለም አሉኝ» አለ። «ጉንፋን ነው።»

ጉንፋን። መንገዱ ለጉንፋን ቀረ። ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እየሳቀ መሆኑ ገባኝ። ኦፕሬተሩ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እንደ ጥፋት። አሁን ብንነሳ ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ፣ የቻልኩትን ያህል ልግፋ አለኝ። ከውጭ ሰማዩ እየጠቆረ ነበር፤ ጅረቱ ማታውን እንደሚሞላ፣ ከሞላም ሰኔ ሳይወጣ ፒክአፕ እንደማያሻግር ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱም ያውቃል። የትም አትሄድም፣ እርጥቡን ካልሲህን አውልቅ አልኩት።

የጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ጋደም አለ፤ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ሳበው። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። አፍንጫው ተደፍኖ ስለነበር ያንኮራፋ ጀመር፤ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እያየው ያልፋል። ሾፌሩ እንቀስቅሰው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተወው አልኩት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ማንኮራፋቱ እንዳይጠፋኝ ወደ ራስጌው ተጠግቼ ተቀመጥኩ፤ ያን ጊዜ አለቀስኩ።